ኩባያ ድስት አይደለም

የወንድሜ ሚስት ረቢአ ሙሽራ ሆና እኛ ቤት ስትገባ ከልብሷ ሌላ ይዛ የመጣችው ማይክሮዌቭ ነው። ከዱባይ ሰው ቤት ሠርቶ የሚመለሰው ሁሉ ወርቅ ሲያመጣ፣ እሷ ያንን ነጭ ሣጥን በካርጎ አስጭና ከሚሴ ድረስ አመጣችው። እናቴ ፋጡሜ ዕቃውን ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣ “እሳቱ የት ነው?” አለች።

“እሳት የለውም እማ፤ በመብራት ነው የሚያበስለው።”

“ያለ እሳት? ሱብሃነላህ!” አለችና በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ከላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። በቃ። ሳሎን ውስጥ ተሸፋፍኖ ቁጭ አለ። እንግዳ ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አይነካውም። ረቢአም ከዚያ ዕቃ የተሻለ ኑሮ ነበራት ብዬ አልዋሽም።

እኔ ሳቢራ ነኝ፤ የፋጡሜ ልጅ፣ የሙጂብ ታላቅ እህት። ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት ተመልሼ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። አፏ ያቃጥላል ይሉኛል። ይበሉ! ያየሁትን ነው የምናገረው።

ሙጂብ ሚስቱን ካገባ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ልጃቸው ሩመይሳ፣ ሩሚ የምንላት፣ ገና ጡት ላይ እያለች ጂዳ ሄደ። ሲሄድ ለሚስቱ ያላት አንድ ነገር ነው፦ “እናቴን እንዳታስከፊብኝ።” እንዳላስከፋቻት ምስክሯ እኔ ነኝ። ውሃ ቀዳች፣ ሊጥ አቦካች፣ የእናቴን ጉልበት በቅቤ አሸች። የጓዳው ቁልፍ ግን እናቴ መቀነት ላይ ነው። ዱቄት ቢሆን ዘይት ቢሆን፣ እናቴ ሳትፈታ አንድ ነገር አይወጣም።

ጉልቻውም የእናቴ ነው። እኛ ዘንድ ምራት አማቷ ግቢ ውስጥ እስካለች የሚነደው አንድ እሳት ነው፤ የሚቀርበውም አንድ ትሪ። ለብቻዋ ሦስት ድንጋይ ጎልታ ድስት የጣደች ምራት ቤት ለየች ይባላል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ አማቲቱን ክፉ፣ ምራቲቱን ባለጌ አድርጎ ዓመት ሙሉ ሲቦጭቃቸው ይኖራል። እናቴ ደግሞ ከምንም በላይ የሰው አፍ ትፈራለች።

ሩሚ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ታመመች። የበላችው አይረጋላትም፤ ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ቀጠነ፣ ጸጉሯ መርገፍ ጀመረ። ጨዋታ ትታ ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች። የሰው ዓይን ነው ተባለ፣ ወስፋት ነው ተባለ፣ ያልተጠጣ ነገር የለም። በመጨረሻ ረቢአና እኔ ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ ሌላም ምርመራ ጨምሮ አስጠራን። “አንጀቷ ስንዴና ገብስ አይቀበልም” አለን። “መድኃኒቱ አለመብላት ነው። ፍርፋሪም ቢሆን አትቅመስ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ምንም አይላትም።”

ረቢአ ከደስታዋ የተነሳ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ኮምቦልቻ አለቀሰች። ጤፍና ማሽላ! እዚህ ጨፋ ሜዳ ተወልዶ ጤፍና ማሽላ ማን ያጣል?

እቤት ስንደርስ ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። የእኛ ቤት እንጀራ ማሽላ ነው፤ ግን እናቴ ሁልጊዜ ስንዴ ትቀላቅልበታለች፣ “ያለሰልሰዋል” ትላለች። ገንፎው የገብስ ነው። ቁርሱ ዳቦ ነው። ቡሃቃው አንድ፣ ምጣዱ አንድ፣ ትሪው አንድ።

“ስንዴ ሰው ጎዳ?” አለች እናቴ። “እና እኛ በምን አደግን?”

ረቢአ እግሯ ላይ ወደቀች። “እማ፣ አላህን ይፍሩልኝ፤ ከኋላ በኩል ለልጅቷ ብቻ ትንሽ ጉልቻ ልጎልት።”

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። “እኔ ሳልሞት?” አለች ቀስ ብላ። “ፋጡሜ ምራቷን ከእሳቷ ዳር አባረረች እንዲባል ነው? እዚህ ግቢ ሁለተኛ ጉልቻ የሚጎለተው የእኔ አስከሬን ከወጣ በኋላ ነው።”

ሙጂብ ጋ ተደወለ። “እናቴ ያለችው ነው” አለና ዘጋ። የእኔ ወንድም ጂዳ ሆኖ ጀግና ነው!

“ውጪላቸው” አልኳት፤ ንዴቱ እኔን ነበር የያዘኝ። “ጨፋ ሮቢት ወንድምሽ ቤት ሂጂ።”

“ሩሚን ይሰጡኛል?” አለችኝ።

አይሰጧትም። ልጅ የአባቷ ቤት ናት፤ ሙጂብም አይለቅም፣ እናቴም አትለቅም። ብትሄድ ልጅቷ ከነዳቦው ትቀራለች፤ ብትቀመጥ ደግሞ ዓይኗ እያየ ትሞትባታለች። ረቢአ ያኔ የነበረችበት ይኸው ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፣ ግን መውጫ አልነበራትም።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሳሎን መሃል ቆማ ዳንቴሉ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት።

“ሳቢራ፣ ይሄ እሳት አለው?”

“የለውም።”

“ጉልቻስ?”

“ምን ሆነሻል አንቺ?”

“ኩባያስ ድስት ነው?”

ነገሩ ሲገባኝ ሳቅ አፈነኝ። እጇን ይዤ ጎትቼ እናቴ ፊት አቀረብኳት። እናቴ ጥያቄውን ሰማች፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ብዙ አሰበች። ማሽኑን አየች፣ ሩሚን አየች። ሩሚ ያኔ ከምንጣፉ መነሳት አቅቷት ነበር። “ኩባያ…” አለች፣ “ኩባያ ድስት አይደለም።” ከዚያ ተነስታ የፕላስቲክ አበባውን በራሷ እጅ አወረደችው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እናቴን ወደድኳት።

ረቢአ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኩባያ ኖረች። ሩዝ በኩባያ፣ ድንች በኩባያ፣ እንቁላል በኩባያ። ልጅቷን ከሞት ያስነሳት ግን ኬኩ ነው። ዱባይ የማዳሟ ልጆች ማታ ማታ ካልሠራሽልን እያሉ የሚያስቸግሯት ኬክ ነበር፤ የነሱ የስንዴ ነው፣ እሷ በጤፍ ቀየረችው። ወፈር ያለ የሸክላ ኩባያ ታመጣለች። የጤፍ ዱቄት በሾርባ ማንኪያ ትጨምራለች፣ ካካዎ፣ ስኳር፣ ለአመል ያህል ቤኪንግ ፓውደር። እንቁላል ትሰብርበታለች፣ ወተትና ዘይት ጠብ ታደርጋለች፣ ዱቄቱ እብጠት እንዳይዝ በሹካ ትመታዋለች። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ። ኩባያው ሲዞር ሩሚ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አብራ ራሷን ታዞራለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኬኩ ከኩባያው አፍ በላይ ብቅ ይላል፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚተን። ቲን ሲል ሩሚ ታጨበጭባለች።

መብራት ካለ ነው እንግዲህ! የከሚሴን መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል። ኩባያው ግማሽ ዞሮ ቀጥ ይላል፤ ረቢአ ሊጥ የያዘ ኩባያ ታቅፋ አምፖሉን አንጋጣ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እንዲህ ቆማ አግኝቻት፣ “ዱዓ አድርጊበት እንጂ” ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

ሩሚ ግን ዳነች። ሆዷ ጎደለ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ዶሮ ማባረር ጀመረች። እናቴ ደስታዋ ልክ አጣና ሐሙስ ሐሙስ የዱዓ ማዕድ ልታቀርብ ተሳለች። በየሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ሼህ ዩሱፍና ጥቂት አዛውንቶች መጥተው ለልጅቷ ዱዓ ያደርጋሉ። እናቴ ትልቅ የስንዴ ዳቦ ትደፋለች፤ ሼሁ ዱዓ አድርገውበት ይቆርሳሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለበረካው፣ ለበረከቱ ብሎ ይቀምሳል። ለሼሁ ሻይ የምታቀርበው እናቴ ራሷ ናት፤ የስኳር በሽታ ስላለባቸው የሳቸውን ሻይ ያለ ስኳር ለብቻው ትቀዳለች፣ ለማንም አታምነውም።

የመጀመሪያው ሐሙስ እናቴ ዳቦውን ለሩሚ ዘረጋች። “ኮቱ፣ ነይ ሩሚ፤ ቢስሚላህ በይ።” ረቢአ ከሰው መሃል ተነስታ የልጅቷን እጅ ያዘች። “ይቅርታ እማ፤ አትችልም” አለችና ኩባያዋን አቀረበችላት። የእናቴ እጅ ከነዳቦው አየር ላይ ቀረ።

“ዱዓው ለሷ” አለች ሰዎቹ ሲሄዱ፤ “ዳቦው ለሷ። እሷ ግን ከበረካው አትቀምስም። እንዲህ ያለ መዓት አይቼ አላውቅም።” ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላነሳችም። ተዋጠላት ብዬ እኔም ረሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ የሩሚ ሆድ እንደገና ተነፋ።

ረቢአ መጀመሪያ የጠረጠረችው ወፍጮ ቤቱን ነው። ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ላይ ጤፍ ሲፈጭ የስንዴው ትራፊ ይገባበታል አለች። እውነቷን ነው። ለማሽላ ብቻ የነበረውን የእናቷን የድንጋይ ወፍጮ ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ አናት አስጭና አመጣች። እናቴ አይታ፣ “ወፍጮም ጉልቻ አይደለም መቼም” ብላ አሳለፈቻት። ረቢአ ጤፉን በመጅ መፍጨት ጀመረች። በከሚሴ ሙቀት ተንበርክካ፣ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። ጨርቅ ጠምጥማ ፈጨች።

ልጅቷ ግን ባሰባት። ያኔ ካካዎውን ጠረጠረች፤ ሌላ አስመጣች። ቤኪንግ ፓውደሩን ተወችው። ኩባያውን በአመድ ፈትጋ በፈላ ውሃ አጠበችው። ሩሚ ያቺን ኬክ በልታ ማታውን ስታቃስት ታድራለች። ረቢአ አንድ ቀን ባዶ ኩባያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ “ሳቢራ፣ ልጄን የምመርዛት እኔ ነኝ እንዴ?” አለችኝ። ዓይኗን አይቼ ፈራሁ።

ሰዉም መናገር ጀመረ። ስንዴው ቀርቶ ከታመመች እንግዲህ ስንዴው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ቀልዷል፣ ረቢአ ደግሞ ዱባይ የለመደችውን ቅብጠት ታመጣብናለች። ወሬው ጂዳ ደረሰ። ሙጂብ ደውሎ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አስደረገ። “ከመጪው ሐሙስ በኋላ ልጄ ከትሪው ትበላለች፣ እንደ ሰው! ማሽኑም ይሸፈን።” ረቢአ “እሺ” አለች። እሺ ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ በላይ የት ትሂድ?

ሐሙስ ደረሰ። ያን ቀን ራሴን ፈልጦኝ ሱቄን ቶሎ ዘግቼ ነው የገባሁት። አዛውንቶቹ ውጪ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ረቢአ ሳሎን ውስጥ የመጨረሻውን ኬክ መትታ ኩባያውን ማሽኑ አጠገብ አስቀምጣ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ፣ እጅ እግሯን ልትታጠብ ወጣች። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ጨለማው ውስጥ ራሴን በሻሽ እያሰርኩ ነበር።

እናቴ ገባች። ግራ ቀኝ አየች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ከውስጡ የደረቀ ዳቦ አወጣች። ያለፈው ሐሙስ የዱዓ ዳቦ! በጣቶቿ አድቅቃ አድቅቃ ኩባያው ውስጥ በተነችው። “ቢስሚላህ… ያ ረቢ አንተ አሽራት… ያ ረቢ” እያለች፣ እንባዋ እየወረደ በሹካው አማሰለችው። ጥቁሩ ሊጥ ዋጠው። ምንም አይታይም።

ዓይኔ ደም ለበሰ።

“እማ!!” ብዬ ስጮህ ሹካው ከእጇ ወደቀ። “ምን አድርገሻል አንቺ? ምን አድርገሻል?”

ረቢአ እጇ እየተንጠባጠበ ሮጣ ገባች። አዛውንቶቹም በሩ ላይ ተደረደሩ። እኔ ኩባያውን አንስቼ፣ “ይኸው ወፍጮው! ይኸው ካካዎው!” እላለሁ፤ እንደ እብድ ሆኛለሁ።

እናቴ አልካደችም። “ቁንጥር ብታክል ነው” አለች። “ልጅቷ ከበረካው ተለይታ እንዳትቀር ብዬ ነው። ተራ ስንዴ አይደለም እኮ! ዱዓ ተደርጎበታል። ዱዓ የተደረገበት ስንዴ እንደ ሌላው ስንዴ ነው እንዴ? ስትታመም ጊዜ ደግሞ በረካው አነሳት ብዬ ጨመር አደረግኩ።”

ጨመር አደረግኩ! ረቢአ ያንን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልተሳደበችም። ጨርቁን ከመዳፏ ፈትታ ሁለት እጇን ወደ እናቴ ዘረጋች፤ የቆሰለውን ቆዳ አሳየቻት። እኔ የምሰድበው ስድብ ሁሉ ከዚያ እጅ በታች ነበር።

እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ሼህ ዩሱፍ አየች። የሚያድናት እሳቸው መስለዋት። “ይንገሯቸው እንጂ ሼኽዬ። እርስዎ ዱዓ ያደረጉበት ዳቦ ሕፃን ይጎዳል?”

ሼሁ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። “ፋጡሜ” አሉ፣ “የኔን ሻይ ለምን ያለ ስኳር ትሰጪኛለሽ?”

“ስኳር ስላለብዎት ነዋ።”

“ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ቤት ስኳሩም ዱዓ ይደረግበታል፤ ማዕዱ ላይ ነው ያለው። አንድ ቀን እንኳ ተባርኳል ብለሽ ጨምረሽልኝ ታውቂያለሽ?”

እናቴ ኩባያውን አየች። ከዚያ ሩሚን አየች፤ ሩሚ በሩ ላይ ያቺን የተነፋች ሆዷን ይዛ ኬኳን ትጠብቃለች። “በእጄ” አለች እናቴ። “በገዛ እጄ።” ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ዳቦውም አልተቆረሰ፣ ማንም ሰው ምንም አልበላም።

ዓርብ ጠዋት ከጓሮ በኩል የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ እናቴ ናት። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ታንከባልላለች። ሁለቱን አድርሳ ሦስተኛውን ነው የያዘችው።

“ምን እየሠራሽ ነው?” አልኳት። ልረዳት እጄን ስሰድ ገፋችኝ።

“ዓይን የለሽም?”

ሦስቱን ድንጋይ ከአጥሩ ሥር ጎለተች፤ እንዳይነቃነቁ በእግሯ ረገጠቻቸው። ረቢአ በር ላይ ደርቃ ቀርታለች። እናቴ ቀና ብላ አላየቻትም። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምታበስዪላት” አለቻት ለድንጋዮቹ እንደምትነግር። “ድስቱም ምጣዱም አዲስ ይገዛ። የኔ ዕቃ አጠገቧ አይድረስ።” ከመቀነቷ ላይ የጓዳውን ቁልፍ ፈትታ በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ለጁምዓ ሶላት ሰው ሲወጣ ጎረቤቱ ከአጥሩ በላይ ሁለተኛውን ጭስ አይቶ አበቃ። ሳይመሽ ሙጂብ ደወለ። ከስልኩ ማዶ ይጮሃል። “ረቢአ ጉልቻ ለየች አሉኝ! እውነት ነው?”

“ውሸት ነው” አለች እናቴ። “እሷ አልለየችም።”

“ታዲያ ሰዉ…”

“የለየሁት እኔ ነኝ። ለጠየቀህ ሁሉ እንደዚያ በል። ፋጡሜ ምራቷን አባረረችም ካሉ ይበሉ።” ዘጋችበት።

ከሳምንታት በኋላ የሩሚ ሆድ ወደ ቦታው ሲመለስ ረቢአ ጓሮ እሳቷ ዳር ተቀምጣ የጤፍ ቂጣ ትጋግራለች። እናቴ እስከዚያ ቀን ወደዚያ ጉልቻ ዝር ብላ አታውቅም፤ ከሩቅ ነበር የምታያቸው። ያን ቀን ከግድግዳው ጥግ ብቅ አለች። እጅጌዋን ሰብስባለች፤ ከክርኗ ውሃ ይንጠባጠባል።

“እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤያለሁ” አለች። “ልምጣ?”

በገዛ ግቢዋ! እናቴ ማንንም ልምጣ ብላ ስትጠይቅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። የመለሰችላት ሩሚ ናት።

“አኮ” አለቻት አያቷን፣ “የነጠላሽን ጫፍ መጀመሪያ አሳዪን።”

እናቴ ግን አልተቆጣችም። የነጠላዋን አራቱንም ጫፍ አንድ በአንድ ፈትታ፣ አራግፋ፣ ለልጅቷ አሳየቻት። ባዶ ነበር። ረቢአ ከበርጩማዋ ተነሳችና ቦታውን ለቀቀችላት።